ከዳይ ጫካ የወረደችው ታንኳ

ልጅ ሳለሁ መብራት የሚጠፋበትን ምሽት ከሁሉ አብልጬ እወድ ነበር። በሐምሌ ሙቀት የቬንትሌተሩ ክንፍ እየዘገመ ሲቆም ቤት ውስጥ መቀመጥ ስለማይቻል፣ የሰፈራችን የራስ ዲካ ሰው ሁሉ ምንጣፉን እየጎተተ ደጅ ይወጣል። ያኔ ጎረቤታችን ጋሽ ሁመድ ፋኖሳቸውን ያበሩና በግቢያችን ጥግ ተደፍታ በኖረችው አሮጌ የእንጨት ታንኳ ሆድ ላይ ያስቀምጡታል። ታንኳዋ ላይ መብራት ከተቀመጠ ተረት አለ ማለት ነውና እኔና ታናሽ ወንድሜ፣ የሰፈሩም ልጆች፣ እየተሯሯጥን ዙሪያዋን እንይዛለን።

ጋሽ ሁመድ የታጁራ አፋር ነበሩ። ወጣትነታቸውን ድሬዳዋ ባቡር ሲጠግኑ ስላሳለፉ አማርኛቸው ከእናቴ አማርኛ ይልቅ ፈጣንና ቀልደኛ ነበር፤ አንዳንዴ ብቻ ወንድሜን «ነይ» እያሉ ሲጠሩት በሳቅ እንፈርሳለን። እናቴ ሰው ቤት ልትሠራ ከኢትዮጵያ መጥታ፣ ፔካ 12 በሚባለው ሰፈር የከባድ መኪና ሞተር የሚጠግነውን አባቴን አግብታ ነው እዚያ ግቢ የቀረችው። የእኛና የእሳቸው ቤት አንድ የግቢ በር፣ አንድ የውኃ በርሜል ይጋሩ ነበር። ታንኳዋ ግን የጋሽ ሁመድ ነበረች። ባሕር ከገባች ብዙ ዘመን ሆኗታል። አፍንጫዋ ተሰንጥቋል፣ ሥሯ ዶሮዎች ይተኙበታል። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላም ሆዷን ስንነካው ገና ይሞቃል፤ የቆየ የዓሣ ዘይትም ይሸታል።

ከተረቶቻቸው ሁሉ ደጋግመን የምናስነግራቸው የዚህችኑ ታንኳ አፈጣጠር ነበር። ዓሣ የጠበሱበትን ፍም በእንጨት እየቆሰቆሱ፣ ፊታቸው አንዴ እየቀላ አንዴ እየጠቆረ፣ አያታቸው ግመል ጠባቂ ሳለ ባሕር እንዴት እንደናፈቀው ይተርኩልናል። አያትየው ከታጁራ በላይ ወዳለው የዳይ ጫካ ወጣ። እያንዳንዱን ዛፍ ሰላም እያለ ጆሮውን ግንዱ ላይ ለጠፈ። አንዱ ውስጥ ነፋስ ሰማ፣ አንዱ ውስጥ ንብ፣ አንዱ ውስጥ ደግሞ ዝምታ። በመጨረሻ አንድ ዛፍ ውስጥ ማዕበል ሰማ። «ይሄ መሄድ ይፈልጋል» አለና፣ ይቅርታ ጠይቆት ቆረጠው። በመጥረቢያና በእሳት ሆዱን ፈልፍሎ፣ በግመሎች አስጎትቶ ተራራውን አወረደው። ይህን ሲጨርሱ እኛ ልጆች ጆሯችንን ታንኳዋ ላይ እንለጥፋለን። እኔ ማዕበሉን ሁልጊዜ እሰማው ነበር፤ ባሕሩ ራሱ ከግቢያችን ጥቂት እርምጃ እንደሚርቅ ያኔ ትዝ ብሎኝ አያውቅም።

ከዕለታት አንድ ቀን የግቢው ባለቤት ቦታውን ሸጦት ሊፈርስ ነው ተባለ። ለእኛም ለጋሽ ሁመድም ጋቦዴ በሚባል ሰፈር ፎቅ ላይ ቤት ተገኘ። ፎቅ ላይ ደግሞ ታንኳ አይወጣም። አንዱ ጎረቤት «ለማገዶ ትሁን» ስላለ ጋሽ ሁመድ ለብዙ ቀን ሰላምታውን አልመለሱለትም።

ያኔ ነው ልጃቸው አሚና ከፈረንሳይ የመጣችው። እዚያ የተማረችው ስለ ጥንት መርከቦችና ስለ እንጨታቸው ነበር። ልታስተምርበት የተቀጠረችበት ትምህርት ቤት ግቢው ውስጥ ሰፊ ጥላ ነበረውና፣ የታንኳዋ ዕድሜና አገር ከታወቀ ተቀብሎ ለተማሪዎች ሊያቆያት ቃል ገባላት። አሚናም አባቷን ሳታማክር የቀለም መፋቂያ ብረቷን ይዛ ታንኳዋ ሥር ተንበረከከች።

«ምኑ ነው የሚመረመረው? እኔን ጠይቂኝ እንጂ!» አሏት ጋሽ ሁመድ። «አገሯ ዳይ ነው። የሠራት አያቴ ነው። ሌላ ምን ቀረሽ?»

«እሺ አባ» አለች እየሳቀች፤ መፋቋን ግን አልተወችም።

ከሰማያዊው ቀለም ሥር አረንጓዴ ወጣ፤ ከአረንጓዴው ሥር ነጭ፤ ከነጩም ሥር ዘይት የጠጣ ጥቁር እንጨት። የጠራቢው መጥረቢያ ያለፈበት ምልክት እንደ ዓሣ ቅርፊት እኩል እኩል ተደርድሮ ይታይ ነበር። አሚና ጣቷን አሳለፈችበትና «ይሄ በዕድሜው ብዙ ታንኳ የሠራ እጅ ነው» አለች። ጋሽ ሁመድ በኩራት ወደ እኛ ዞሩ። እሷ ግን ፊቷ አልፈካም። ቀጭን ስንጣሪ ቆርጣ ወደ መምህሯ ላከችው።

መልሱ በስልክ የመጣ ዕለት መብራት ጠፍቶ ነበር። ፋኖሱ በቦታው፣ እኛም በቦታችን ነበርን። አሚና ግን ፍሙን በእንጨት ትቆሰቁስ ነበር።

«ተናገሪ» አሏት አባቷ።

«አባ፣ እንጨቱ ማንጎ ነው።»

እኛ ልጆች ሳቅን። ጋሽ ሁመድም ሳቁ። «ማንጎ ይበላል እንጂ ይቀዘፋል እንዴ?»

አሚና ቀስ ብላ አስረዳቻቸው። በሕንድ የባሕር ዳርቻ ከትልልቅ የማንጎ ዛፎች እንዲህ ያሉ ታንኳዎች ይፈለፈሉ ነበር። ባለ ሸራ መርከቦች አንዷን በአንዷ ውስጥ ደራርበው ወደ ኤደን ወደብ፣ ወደ ታጁራም ያመጧቸው ነበር። ይህችም ከእነዚያ አንዷ ናት። ዓመቷን በትክክል መናገር አይቻልም፤ በአያትየው ዘመን፣ ምናልባትም ከዚያ ቀደም ብሎ ይሆናል።

የጋሽ ሁመድ ሳቅ መሀል መንገድ ላይ ቆመ።

«ዳይ ላይ ማንጎ የለም» አሉ ለራሳቸው። ከዚያ ድምፃቸው ተለወጠ። «እኔ አያቴን አላየሁትም። የነገረኝ አባቴ ነው። አባቴ ደግሞ አንድም ቀን ዋሽቶኝ አያውቅም።»

ፋኖሱን ከታንኳዋ ላይ አንሥተው ቤታቸው ገቡ። አሚና ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። በጨለማው ውስጥ የቀረው የፍሙ ቅላት ብቻ ነበር።

ከዚያ በኋላ መብራት ቢጠፋም ጋሽ ሁመድ ደጅ አይወጡም፤ በዚያ ሁሉ ሙቀት በራቸውን ዘግተው ይቀመጣሉ። እኔ አሚናን ጠመድኳት። እናቴንም «ጋሽ ሁመድ ውሸታም ናቸው እንዴ?» ብዬ ጠየቅኳት።

«ዝም በይ!» አለችኝ። «ሰው አምኖ የተቀበለውን ቢናገር ውሸታም አይባልም።» ቆየት ብላ ግን እሷም ወደ ተዘጋው በር አየች።

ልንለቅ ስንቃረብ አሚና ሰዎች ጠርታ ታንኳዋን ገለበጠቻት። ስንት ዘመን ወደ መሬት ተደፍቶ የኖረው ውስጧ እንደገና ፀሐይ አየ። ጎኗ ላይ፣ ከውስጥ በኩል፣ ቅጥራን የተለበጠበት ረጅም እብጠት ነበር። አሚና እሱን ስትፍቅ እናቴ የታጠበ ልብስ ተሸክማ በአጠገቧ አለፈች፤ ከዚያም ድንገት ቆመች።

«ምንድን ነው እንዲህ የሚሸተኝ?»

ልብሱን አስቀምጣ ጎንበስ አለች። ከፍቅፋቂው አንድ ቁንጥር አንሥታ በመዳፏ አሸችውና ዓይኗን ጨፈነች።

«ጥድ ነው! የአባቴ ቤት ምሰሶ ጥድ ነበር። ዝናብ ሲመታው ልክ እንዲህ ነው የሚሸተው።»

አሚናም አሸተተች። ከቅጥራኑ ሥር የታየው እንጨት ቀላ ያለ ነው፤ ከታንኳዋ ጥቁር ገላ ጋር አይመሳሰልም። አንድ ጊዜ አንድ ነገር ጎኗን ቀዶት፣ ሌላ ሰው ሌላ እንጨት ጠርቦ ገጥሞባት፣ በገመድ ሰፍቷት ነበር። የዳይ ጫካ ደግሞ የጥድ ጫካ ነው። አሚና ተነሥታ ወደ አባቷ በር ሮጠች።

«አባ፣ ና! ይሄን ሳታይ አትቀመጥም!»

በባዶ እግራቸው ወጡ። እጃቸውን ይዛ ጣታቸውን ስፌቱ ላይ አኖረችው። ቀዳዳዎቹ በጋለ ብረት የተበሱ ናቸው፤ አንዱ ከፍ፣ አንዱ ዝቅ ያለ፣ አንዳንዱም ስቶ እንደገና የተበሳ። ያንን እንደ ዓሣ ቅርፊት የተደረደረ ምልክት የተወው እጅ እንዲህ እንደማይሠራ እኔ እንኳ በልጅነቴ አስተዋልኩ።

«ጠማማ ነው» አሉ ጋሽ ሁመድ ጣታቸውን እያስኬዱ። «አናጢ አይደለም ይሄን የሠራው። ግመል ጠባቂ ነው።»

«አባ፣ ማን እንደሰፋው አላውቅም» አለች አሚና። «እንጨቱ ከዳይ ይምጣ ከሌላ ቦታ፣ እርግጠኛ መሆን አልችልም። ይሆናል ማለት ብቻ ነው የምችለው።»

ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። «ይሆናል ይበቃኛል» አሏት። «አባቴ ‹አያትህ በእጁ ሠራት› ሲለኝ፣ ልጅ ስለነበርኩ ሁሉንም ሠራት ብዬ ሰምቼ ይሆናል።» ከዚያ ወደ እናቴ ዞረው «አንቺም ተባረኪ» አሉና ያስቀመጠችውን ልብስ ራሳቸው ጎንበስ ብለው ያነሱላት ጀመር።

ታንኳዋን በመኪና ወሰዷት። ትምህርት ቤቱ እንደ ቃሉ ተቀበላት፤ ዕድሜዋ በግምት፣ አገሯ ሕንድ፣ ጥገናዋ ታጁራ ሳይሆን አይቀርም ተብሎ። እኛም ጋቦዴ ገባን። እዚያም መብራት ይጠፋ ነበርና ጋሽ ሁመድ የፎቁ ደረጃ ላይ ፋኖስ አስቀምጠው ይተርኩልን ጀመር። ተረቱ ግን ያኔ ሌላ ሆነ። የሚጀምረው ከባሕሩ ማዶ፣ ትልቅ የማንጎ ዛፍ ሥር ነበር። ጠራቢው ዛፉን ከመቁረጡ በፊት ልጆቹ የመጨረሻውን ፍሬ ሲበሉ ይጠብቃቸዋል። «ስንት ልጆች ነበሩት?» ስንላቸው ጋሽ ሁመድ ፊት ይመልሱት እንደነበረው አይመልሱም። «እዚህ ላይ አላውቅም» ይሉና ይቆማሉ። እኛ ደግሞ በዚያ ባዶ ቦታ እየተሻማን እንገባለን፤ አንዱ ብዙ ነበሩት ይላል፣ አንዱ አንዲት ሴት ልጅ ብቻ።

ያን «አላውቅም» ከሽማግሌ አፍ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። ትምህርት ቤት «አላውቅም» ያለ ይቀጣ ነበር፤ እቤትም ያሳፍር ነበር። እሳቸው ግን እንግዳ ሲመጣ ቦታ እንደሚለቅ ሰው ዘና ብለው ነበር የሚሉት። ዛሬ ስለማንም ሰው ታሪክ ስናገር፣ ከማውቀው አልፌ ልሄድ ስል፣ ያ ድምፅ ይይዘኛል። የነገሩኝን ሁሉ አልተውኩም፤ ሁሉንም ደግሞ እንደ ሰማሁት አልያዝኩም።

ጋሽ ሁመድ ካረፉ ቆይተዋል። ተረት ሲጨርሱ ፋኖሱን ከማጥፋታቸው በፊት ለአባታቸውና ለአያታቸው ነፍስ ይጸልዩ ነበር። ጋቦዴ ከገባን ወዲህ አንድ ሰው ጨመሩ፤ «ማንጎውን ለጠረበውም፣ ማንም ይሁን፣ አላህ ይዘንለት» ይላሉ። እኛም ደረጃው ላይ ተደርድረን፣ ግማሾቻችን አሚን፣ ግማሾቻችን አሜን እንላለን። ከዚያ ጋሽ ሁመድ ጎንበስ ብለው እፍ ይላሉ።