ሻንጣው የልጄ ነው

ኧረ አዲስ አበባ አይደለም የምሄደው! ስንቴ ልንገራችሁ? ኮሎምቢያ ነው!

አሁን እዚህ አሜሪካ፣ ፌርፋክስ የፓርኪንግ ሥራዬ ላይ የሰው መኪና ፓርክ እያደረኩ እትዬ ዘነቡ ሻንጣ እየጎተቱ መጡ። "ለእህቴ አድርስልኝ፣ ቀላል ነው" አሉኝ። ባነሳው በሬ የገባበት ነው የሚመስለው።

"እትዬ፣ እኔ እኮ ኮሎምቢያ ነው የምሄደው" ስላቸው፣ "ታዲያ አውሮፕላኑ በዚያ በኩል አያልፍም እንዴ?" አሉኝ።

የኛ ሰፈር ሀበሻ፣ ሰው ሊበር ነው ከተባለ አገሩን አይጠይቅም፣ ስንት ኪሎ እንደተረፈው ነው የሚጠይቀው።

ሶ አንዴ ለሁላችሁም ልንገራችሁ። እኔና ሚስቴ ሰናይት ከኮሎምቢያ ልጅ በአዶፕሽን፣ በጉዲፈቻ ማለቴ ነው፣ ልናመጣ ነው። ወረቀቱ አፕሩቭ ሆኗል። ሉሲያ ትባላለች፣ ስምንት ዓመቷ ነው።

እትዬም ይሄን ስነግራቸው "የሰው ልጅ?" አሉ።

"የኔ ልጅ ናት እትዬ። የምይዘው ሻንጣም የሷ ነው!"

ከዛ ሻንጣቸውን እዛው አስፋልት ላይ ከፍተው ሮዝ ጃኬት አወጡና "በል ይቺን ጨምርላት" አሉኝ። ጃኬቷ እንኳ ትገባለች፣ ኦኬ።

እኔ ወንዱ ማንንም ፈርቼ አላውቅም። ይቺን ልጅ ግን ፈራኋት። ባለፈው በቪዲዮ ስታየኝ ፊቷን በትራስ ሸፈነች። ስፓኒሽ ደግሞ የተማርኩት ከፓርኪንግ ልጆች ነው፣ ግማሹ ስድብ ነው። ቢሆንም ሳላስቃት አልመለስም!

ልጅ በአዶፕሽን ያመጣችሁ፣ የመጀመሪያው ቀን ምን ብላችሁ አናገራችኋቸው? ማክሰኞ ነው የምንበረው። ላይክ አልፈልግም፣ አሁኑኑ መልሱልኝ!