ለደህንነታችን ሲባል የቀረ ጨዋታ

ዲላ አስተማሪ በነበርኩበት ጊዜ የመምህራን ቡድን በረኛ ነበርኩ። ጎበዝ ነበርኩ ብዬ አልዋሽም፤ ያስመረጠኝ ቁመቴ ነው። አንድ ዓመት እንደ ምንም ተንገዳግደን ለዋንጫ ደረስን። ተጋጣሚያችን አሪቻ ካለ ቡና ማጠቢያ የመጣ የሠራተኞች ቡድን ነበር።

በዚያ ሰሞን ሬዲዮው ስለ አሸባሪዎች ደጋግሞ ያስጠነቅቅ ነበር። እሁድ ጠዋት ሜዳው ጋ ስንደርስ በሩ ተቆልፏል። የአሪቻ ልጆች በአይሱዙ ተጭነው መጥተው፣ ማሊያቸውን እንደለበሱ አጥሩን ተደግፈዋል። አንድ የከተማው ኃላፊ ኮቱን ቆልፎ ከፊታቸው ቆሟል።

«ጨዋታው ተሰርዟል። የሽብር ስጋት አለ» አለን።

አምበላችን የሒሳብ መምህር ነው። «ስጋቱ የት ነው ያለው?» ሲል ጠየቀው።

«ሕዝብ በሚሰበሰብበት ቦታ ሁሉ።»

«መናኸሪያውስ?» የወያላዎቹ «ሐዋሳ! ሐዋሳ! ሁለት ሰው!» የሚል ጩኸት እኛ ድረስ ይሰማል።

«መናኸሪያ ስፖርት አይደለም» አለ ኃላፊው፣ ሳያፍር።

ፍርሃቱን አልናቅሁም። ባለቤቴም ጠዋት «ዛሬ ብትቀርስ?» ብላኝ ነበር፤ እኔም በመንገዴ ሁሉ ግራ ቀኙን እያየሁ ነው የመጣሁት። ከልቡ የሰጋ ሰው ግን ፈታሽ ያቆማል፣ አጥር ያስጠብቃል። የእኛው ሰው የሚያውቀው ጥበቃ ቁልፍ ብቻ ነበር።

ቀጥሎ ያደረገውን ብነግራችሁ አታምኑኝም። ማብራሪያ እሰጣለሁ ብሎ ሁለቱንም ቡድን፣ ደጋፊውንም ጭምር፣ አንድ በር ብቻ ያለው አዳራሽ ውስጥ አጎረን። ማንም አልተፈተሸም። ተጨናንቀን ቆመን፣ ተጨናንቆ መቆም ስለሚያመጣው አደጋ ከአንድ ሰዓት በላይ ሰማን።

ከአሪቻ የመጡ አንድ ሽማግሌ እጃቸውን አወጡ። «ጌታዬ፣ እኛ አሁን ተሰብስበናል ወይስ አልተሰበሰብንም?»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ኃላፊው ደም ሥሩ ተገታትሮ «ይሄ ስብሰባ ነው!» ብሎ ጮኸ። መጨረሻ ላይ አጨብጭቡ ሲለን አጨበጨብን። እኔም አጨበጨብኩ፤ ለዚያ ጭብጨባ ዛሬም ራሴን እንቀዋለሁ።

ከወር በኋላ ኃላፊውን ሻይ ቤት አገኘሁት። «አየህ መምህር፣ ምንም አልፈነዳም» አለኝ፣ ደረቱን ነፍቶ።

«መናኸሪያውም እኮ አልፈነዳም» አልኩት።

«እሱማ በእግዚአብሔር ቸርነት ነው።»

ከእንዲህ ዓይነት ሰው ጋር ምን ብዬ እከራከራለሁ? ቦንብ ቢፈነዳ አስቀድሞ ተናግሯል፤ ባይፈነዳ አድኖናል። በየትኛውም መንገድ አይሸነፍም፤ ሜዳ ያልገባ ሰው እንዴት ይሸነፋል?

እኛ ግን ማንንም ሳናስፈቅድ አንድ እሁድ አሪቻ ወጣን። ሜዳው ዳገት ነው፤ ኳሷ እየተንከባለለች ቡናው ውስጥ በገባች ቁጥር ተመልካቹ ይፈልጋታል። ሽማግሌው መስመር ዳኛ ሆኑ። ሦስት ለባዶ ተሸነፍን፤ ሦስተኛዋ በእግሮቼ መሃል ነው ያለፈችው። አሸናፊዎቹ በትከሻቸው ተሸክመው የሚጨፍሩበት ዋንጫ ስላልነበራቸው የራሳቸውን በረኛ ተሸከሙ።

ዋንጫው ኃላፊው ቢሮ መደርደሪያ ላይ ነበር። አምበላችን ሄዶ ለአሪቻ ልጆች ይሰጥልን ብሎ ጠየቀ። «ጨዋታው መቼ ተካሄደና?» አለው።