የጊዘሩን ቱቦ የወተፍኩበት ቆረቆንዳ

ባለቤቴ በወለደች በአራተኛው ቀን፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ የጊዘሩን ቱቦ ወተፍኩት። ጊዘር የምንለው ከመኝታ ቤታችን በላይ ኮርኒሱ ውስጥ የተጋደመውን የሙቅ ውሃ በርሜል ነው። ከእሱ የወጣ ቀጭን ቱቦ ግድግዳውን በስቶ ጓሮ ላይ ሌት ተቀን ይንጠባጠባል። በዚያ ሰሞን ጆሃንስበርግ ውስጥ ውሃ በፈለገው ቀን ይሄዳል፣ በፈለገው ቀን ይመጣል፤ ሲመጣ ደግሞ ጉልበቱ ባልዲ ያስጥላል። ሰኔ ነው፣ ብርዱ አጥንት ድረስ ይዘልቃል። እኔ በጠዋት ስፓዛ የምንላትን ትንሽ ሱቄን ልከፍት ቴምቢሳ ሰፈር እወርዳለሁ፣ ማታ እንደ ጆንያ እወድቃለሁ። ተኝቼም ያ ጠብታ ይሰማኛል። ሚስቴ የምትታጠብበትን ሙቅ ውሃ መሬት እየጠጣው ነው እያልኩ እበሳጭ ነበር።

እኛ አገር የጀሪካን ክዳን ሲጠፋ ሱቅ አይኬድም፣ የበቆሎ ቆረቆንዳ ተቀርጾ ይወተፋል። እኔም መንገድ ዳር የገዛሁትን የተጠበሰ በቆሎ ፈልፍዬ በላሁና ቆረቆንዳውን በቢላ ቀረጽኩት። የብስክሌት ከመነዳሪ ጠቀለልኩበት፣ በድንጋይ እየመታሁ ቱቦው ውስጥ አስገባሁት፣ በሽቦ ጠፍሬ አሰርኩት። ጠብታው ቀጥ አለ።

አራሷን ልትንከባከብ የመጣች የቤተ ክርስቲያናችን እህት ከኩሽና ብቅ ብላ አየችው።

«ወንድሜ፣ እጅህ ይባረክ» አለችኝ። «የኛም እኮ እንዲሁ ሲፈስ ነው የሚውለው።»

ፎቶ አንስታ ለምእመናኑ የስልክ ግሩፕ ላከችው። ማታ ሳየው ከፎቶው ሥር ተባረክ፣ ተባረክ ተብሎ ተደርድሯል፤ እኛም እንሞክራለን ያሉም ነበሩ። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። ከተማው ያልቻለውን ውሃ እኔ በቆረቆንዳ አስቆምኩት ብዬ ተኛሁ።

ማክሰኞ ውሃ ጠፋ። ሐሙስ ረፋድ ላይ ተመለሰ። እኔ ሱቅ ውስጥ ዳቦ እየሸጥኩ ነበር፣ ያቺ እህት ደወለች።

«ወንድሜ፣ ቶሎ ና። ሁሉም ደህና ናቸው፣ አንተ ብቻ ና።»

ሁሉም ደህና ናቸው የሚባለው መቼ እንደሆነ የአገሬ ሰው ያውቃል። ሱቁን እንዴት እንደዘጋሁት አላስታውስም።

ስደርስ ኮርኒሱ አልጋው ላይ ተዘርግፏል። ትራሱ፣ የልጅቷ ጨርቆች፣ ሁሉም በሙቅ ውሃ ተነክሮ ይጨሳል። ባለቤቴ ልጅቷን ይዛ ኩሽና ተቀምጣለች። ኮርኒሱ ሲወርድ ሕፃኗን ለማጠብ ወደዚያ ከሄዱ ገና ሩብ ሰዓት እንኳ አልሞላም ነበር። በሩ ላይ ተቀመጥኩ።

የቴምቢሳ ደንበኛዬ የሆነ አንድ ሽማግሌ የዙሉ ቧንቧ ሠራተኛ አለ፤ ደውዬለት መጣ። ጣሪያው ላይ ወጣ፣ የተተረተረውን በርሜል አየ፣ ወረደና ወደ ጓሮ ዞረ። ሽቦውን በፒንሳ ቆርጦ ቆረቆንዳዬን ነቀለው።

«ኤሽ፣ ማይ ፍሬንድ» አለኝ። «ውሃ ሲሞቅ ያብጣል። ከመንገድ የሚመጣው ደግሞ ይገፋል። ጊዘሩ የሚተነፍሰው በዚህ ነበር። ትንሽ ቢንጠባጠብ ጤናው ነው። ሳያቋርጥ ከፈሰሰ ግን የግፊት መቀነሻው አርጅቷል ማለት ነው፤ እሱን ትቀይራለህ እንጂ ይሄን አትዘጋም።»

ቆረቆንዳውን መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ። ዞር ስል ባለቤቴ የኩሽናው በር ላይ ቆማለች። አይታለች።

ከዚያ ወዲህ ልጅቷን አልሰጠችኝም። አምጪያት ስላት «ደክሞሃል፣ ተኛ» ትለኛለች። እውነት ነው፣ ደክሞኛል። ግን ለዚያ አልነበረም።

እሑድ፣ አራስ አይወጣም ቢሏትም፣ ከዚያ ቤት ቤተ ክርስቲያን ይሞቃል ብላ አብራኝ መጣች። የምናመልከው ዱርንፎንቴን፣ አንድ ፎቅ ላይ ባለ አዳራሽ ነው። መጋቢው ጌታ ከአደጋ የጠበቃቸው ቤተሰብ ይመስክሩ አለና ወደ ፊት ጠራኝ። ጌታ ከሞት አወጣን፣ ስሙ ይባረክ ብዬ ልቀመጥ ነበር ሐሳቤ። ጉባኤው ገና አፌን ሳልከፍት አሜን እያለ ነው። ያቺን እህት አየኋት። አንገቷን ደፍታለች። ያኔ ነው ፎቶው ትዝ ያለኝ። በሥሩ የጻፉት ሰዎች ፊቴ ተቀምጠዋል። ሦስት ቀን ሙሉ ሳፍር ስለ ራሴ ጣሪያ ብቻ ነበር የማስበው።

ቆረቆንዳውን ከኪሴ አወጣሁ።

«ጣሪያውን ያፈረሰው ሰይጣን አይደለም» አልኩ። «እኔ ነኝ። በዚህ ነው የወተፍኩት። ፎቶውን አይታችሁ የወተፋችሁ ካላችሁ ጊዘሩን አጥፉና ዛሬውኑ ንቀሉት።»

አሜን ያለ ሰው የለም። ከኋላ ሁለት ወንዶች ተነሥተው ወጡ። ከመሃል አንዷ ስልኳን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ተከተለቻቸው። መጋቢው ማይኩን በእጁ ሸፍኖ ፊት ወንበር ላይ ወደተቀመጠችው ሚስቱ ጎንበስ አለ።

«ሂጂና ንቀይው» ሲላት ሰማሁ።

ወደ ቦታዬ ተመለስኩ። ባለቤቴ ፊቷን ወደ መድረኩ እንዳደረገች ልጅቷን ጉልበቴ ላይ አጋደመቻት።

«ያዛት» አለችኝ። «እኔም ደክሞኛል።»