የወንድሜ እግር

«ጠገበ» የሚለውን ቃል የዚያን ዓመት ያህል ጠልቼው አላውቅም። ሸዋ ሮቢት ውስጥ ወንድሜን የሚያውቅ ሁሉ፣ የማያውቀውም ጭምር፣ ስለ እሱ ሲነሳ መልሱ ይኸው ነበር። ትልቅ ክለብ ፈረመ፣ ጠገበ፣ ግብ ማግባት ተወ። አንድ ቀን ከመናኸሪያ ወደ ልብስ ሱቄ ስመለስ የተሳፈርኩባት ባጃጅ ሾፌር እህቱ መሆኔን ሳያውቅ ይህንኑ ያጫውተኝ ጀመር። መንገዱ ሳያልቅ «ወራጅ አለ» ብዬ ወረድኩ። በዚያ ሙቀት የቀረውን በእግሬ ሄድኩት። ምንም የሚጠቅመኝ ነገር አልነበረውም፤ ግን ባልወርድ ሾፌሩን እሰድበው እንደነበር አውቃለሁ።

ታናሽ ወንድሜ አጥቂ ነበር። እኔ ደግሞ ኳስ ወዳጅ ነኝ። የከተማችን ሜዳ ዳር፣ ከወንዶቹ መሀል፣ ጃንጥላዬን ይዤ ስቆም «ይቺን ደግሞ ምን አመጣት» የሚሉኝ ራሳቸው እስኪሰለቻቸው ድረስ ቆሜያለሁ። ስለዚህ የምናገረው በእህትነት ብቻ አይደለም። ወንድሜ ከሌሎቹ የተለየ ፈጣን አልነበረም፤ ቁመቱም ያን ያህል ነው። የእሱ ነገር ሌላ ነበር። ተከላካይና በረኛ እኩል ኳስ ላይ ሲወረወሩ ጤነኛ ሰው እግሩን ይሰበስባል፤ እሱ የሚገባው ያኔ ነው። አብዛኞቹን ግቦች ያገባው መሬት ላይ ወድቆ ወይም ከሰው ጫማ ሥር ኳስ አሹልኮ ነው። ሜዳችን ሣር የሚባል ነገር አያውቅም፣ ጠጠርና አቧራ ነው። ጨዋታ ሲያልቅ ቅልጥሙ ደም በደም ሆኖ፣ እየሳቀ ይመጣል። እናቴ በጨው ውሃ እያጠበች ትቆጣዋለች፤ አባቴ ደግሞ በማግስቱ ሽንኩርት እንዲያጠጣ በዚያው እግሩ ወደ ማሳ ይሰደዋል። ስለ እግሩ ከዚህ የበለጠ የተጨነቀ ሰው በቤታችን አልነበረም።

የአዲስ አበባው ክለብ ያስፈረመው ጊዜ ቤታችን የሠርግ ቤት መሰለ። ከቀወት ገጠር ዘመድ መጣ፣ ከጀውሃና ከካራቆሬ የአባቴ ወዳጆች መጡ፣ ጎረቤታችን ሼሁም ከነልጆቻቸው መጡ። እኛ ጋ ሰው ራቅ ወዳለ ቦታ ሲሄድ ሽማግሌ ይመርቀዋል፤ እሱም ቆሞ፣ አንገቱን ደፍቶ ይቀበላል። አባቴ ጀመረ። «እግርህን እንቅፋት አይምታው» አለ። ይህ ለመንገደኛ ሁሉ የሚባል ነው። ከእሱ ቀጥሎ አንድ ሽማግሌ ተነሡና «ይህን ቤት የሚያቆመውን እግር አምላክ ይጠብቅልን» አሉ። ሼሁም መዳፋቸውን ዘርግተው አላህ ያን እግር ከክፉ ነገር ሁሉ እንዲያርቀው ዱዓ አደረጉ። አሜንም ተባለ፣ አሚንም ተባለ። ከዚያ በኋላ የተነሣ መራቂ ሁሉ ልጁን ትቶ እግሩን መረቀ። ወንድሜ መጀመሪያ ላይ ፈገግ ብሎ ነበር፤ ወደ መጨረሻው ግን ወደ ታች፣ ወደ እግሩ ማየት ጀመረ።

በመጣ ቁጥርም እንደዚያው ሆነ። የጣርማ በርን ብርድ አልፎ፣ ጃኬቱን ክንዱ ላይ ጥሎ ቤት ሲደርስ እናቴ ለብ ባለ ውሃ እግሩን ታጥበዋለች። የእንግዳን እግር ማጠብ የነበረ ነው። እሷ ግን ጸበል ትጨምርበታለች፤ አጥባ ስትጨርስም ሁለቱንም ጉልበቶቹን ትስማለች። እናት ልጇ ፊት እንደዚያ ጎንበስ ብላ ማየት ደስ አይልም። እሱም አይወደውም ነበር፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል። ማሳ ውረድ ማለት ቀረ። እንጨት ፍለጥ ማለት ቀረ። ከሰፈር ጓደኞቹ ጋር ኳስ ልምታ ሲል አባቴ «እዚያ ጠጠር ላይ?» ብሎ ይደነግጣል፤ ልጁ የት እንዳደገ የረሳ ይመስል። ደግሞም አባቴ ላይ አይፈረድም። አዲሱ ቤት የተሠራው፣ የውሃ ፓምፑ የተገዛው፣ የታናናሾቻችን ትምህርት የሚከፈለው በዚያ እግር ነው። የአጎቶቻችን ልጆች ሳይቀሩ በስልክ ሰላም ሲሉት «እግርህ እንዴት ነው?» እያሉ መጠየቅ ለመዱ።

ግቡ ግን እያነሰ፣ እያነሰ ሄደና ጠፋ። ያኔ ከተማው ሁሉ ሐኪም ሆነ። የቆላ ልጅ ደጋ ወጥቶ ደሙ ቀዝቅዞ ነው ያለ አለ። ሴት ይዛው ነው ያለ አለ። ሼሁ የሰው ዓይን ነው ብለው ቁርኣን አስቀሩለት፤ እናቴም በበኩሏ ቤተ ክርስቲያን ለቤተ ክርስቲያን ዞረች። የቀረው ሕዝብ ያችን አንዲት ቃል ይዞ ተቀመጠ።

አንድ እሑድ ከሰዓት ኳስ በቴሌቪዥን ወደሚታይበት ቤት ሄጄ ጨዋታውን አየሁ። ከክንፍ የተሻገረች ኳስ መሬት ለመሬት እየሮጠች ግቡ ፊት መጣች። እንደ ድሮው ቢሆን እግሩን ይሰዳል፣ ኳሷ ትገባለች፣ እሱም ይረገጣል። ተከላካዩ ተንሸራቶ መጣ። ወንድሜ እግሩን ሰበሰበ። ኳሷም አልፋ ወጣች። ቤቱ በጩኸት ተናጋ፤ ከኋላዬ ያለው ሰውዬ ጠግቧል አላልኳችሁም እያለ ወንበሩን ይደበድብ ነበር። እኔ ያየሁት ጥጋብ አይደለም። የጠገበ ሰው ይዘገያል። እሱ በሰዓቱ ደርሶ ነው የተመለሰው። ፈርቶ ነበር። ወንድሜ ሲፈራ አይቼ ስለማላውቅ እዚያው የፕላስቲክ ወንበር ላይ እንደተቀመጥኩ እንባዬ መጣ።

ለፋሲካ ሲመጣ ሁለታችን ብቻ ወደ ማሳው ወረድን። አሰልጣኙ እስከ ውድድሩ ማብቂያ ካልተሻሻለ ክለቡ እንደሚያሰናብተው ነግሮታል፤ ይህን ከእኔ በቀር ለማንም አልተናገረም። የመስኖው ቦይ ጋ ስንደርስ እኔ ቀሚሴን ሰብስቤ ዘለልኩት። እሱ ዳር ዳሩን ይዞ ሄዶ ራቅ ብሎ ባለው ድልድይ ዞሮ መጣ። ማንጎው ጥላ ሥር ከተቀመጥን በኋላ ኳስ ስትመጣ እግሩን ለምን እንደሚሰበስብ ጠየቅኩት። አልካደም።

«ኳሷን አያታለሁ፣ እትዬ» አለ። «እንደምደርስባትም አውቃለሁ። እግሬን ልሰድ ስል ግን እማማ ጉልበቴን ስትስም ትታየኛለች። ይሄ እግር ቢሰበር ስንቱ ሰው አብሮ ይወድቃል እላለሁ። እሱን አስቤ ሳልጨርስ ኳሷ ሄዳለች።»

«ድሮስ ቢሆን መሰበር አልነበረም?»

«ድሮማ እግሩ የኔ ነበር።»

ሽንኩርቱን ሲያጠጣ የነበረው ሠራተኛ እጁን እየጠረገ ሊጨብጠን ስለመጣ ወሬያችንን እዚያው ላይ ተውነው።

በማግስቱ አባቴን ለብቻው ይዤ ያየሁትንና የሰማሁትን ነገርኩት፣ የስንብቱን ነገር ብቻ አስቀርቼ። ከዛሬ ጀምሮ እግሩን አትመርቁት፣ እናቴም ጉልበቱን መሳሟን ታቁም፣ እንደ ድሮው አንዳንዴም ተቆጡት አልኩት። እንደ መከፋት ብሎ «ልጄን አትመርቅ ነው የምትይኝ?» አለ። እርግማን ቢሆን ኖሮ እጣላ ነበር፣ ሽማግሌም እልክ ነበር። ምርቃትን ግን ተዉ ብሎ መለመን እንዴት ይቻላል? የሚወዱትን ሰዎች በምን አፌ በድላችሁታል ልበል? እናቴ ደግሞ ከአባቴ ሰምታ፣ ከእኔ ወሬ የያዘችው ልጇ ለእግሩ መፍራቱን ብቻ ነው። ስለዚህ ሌላ ስለት ተሳለች። በሚሄድበት ጠዋት እስከ አስፋልቱ ድረስ ተከተለችውና፣ ተሳፋሪው ሁሉ እያየ፣ ሚኒባሱ በር ላይ ጎንበስ ብላ ጉልበቱን ሳመች። ወንድሜ ከላይ እኔን ያየኝ ነበር። እኔ ቀና ብዬ ላየው አልቻልኩም።

ውድድሩ ሲያበቃ ክለቡ አሰናበተው። ሌላ የጠየቀው ክለብም አልነበረም። ዜናው ከእሱ ቀድሞ ከተማው ገብቶ ስለነበር በመጣ ቀን ዘመድ አልተሰበሰበም፤ ከሰው የመጡት ሼሁ ብቻ ናቸው። አጠገቡ ተቀምጠው፣ ስለ ኳስ ምንም ሳያነሱ፣ ስለ ማሾ ዋጋና ስለ ዝናቡ መዘግየት አወሩለት። ሙቀቱ የማይቻል ስለነበር ወንድሜ ቁምጣ ለብሶ፣ እግሩን ዘርግቶ በረንዳው ላይ ተቀምጧል። እኔ እግሩን አየሁት። የጥንቱ ጠባሳ ሁሉ ደብዝዞ፣ አዲስ ጭረት እንኳ ሳይኖርበት፣ ቢሮ የሚውል ሰው እግር መስሏል። ገና ወጣት ነው፤ በዚያ እግር ብዙ ዓመት መጫወት ይችል ነበር።

አባቴ ከእሱ ትይዩ ተቀመጠ። ስለ ክለቡ ሊጠይቀው ነው ብዬ ጠበቅኩ።

«እግርህ ግን ደህና ነው?» አለው።

«ደህና ነው፣ አባባ» አለ ወንድሜ። «ምንም አልነካውም። ጠብቄላችኋለሁ።»

እናቴ ከጓዳ ሰምታ ኖሮ በሩ ላይ ብቅ አለችና «ተመስገን» ብላ አማተበች። ከልቧ ነበር የተደሰተችው።