ሜዳ ላይ የመውደቅ ነገር

በሩ ሲንኳኳ የቤተ ክርስቲያናችንን መጋረጃ እየተኮስኩ ነበር። ቅዳሜ ነው፣ እኩለ ቀን ገደማ። ስከፍት ሁለት ሴቶች ቆመዋል፤ ሁለቱም የጽዋ ማኅበራችን አባላት ናቸው። አንደኛዋ እናቴ ሊሆኑ የሚችሉ፣ እትዬ የምላቸው፤ ሌላዋ እኩያዬ። ኦክላንድ፣ ሌክ ሜሪት ሐይቅ አጠገብ፣ እኛ ሰፈር፣ ፓርኪንግ እንደማይገኝ እያወቀ ሳይደውል የሚመጣ ሰው የለም። እነሱ ሳይደውሉ መጥተዋል።

«እንዴት ዋልሽ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ግቡ እንጂ።»

«ልጅሽ ደህና ናት?»

«ደህና ናት።»

«ምሳ በልተሻል?»

እትዬ መልሴን አልጠበቁም። ቀጥ ብለው ወደ ካውያው ሄዱ፣ ሶኬቱን ነቀሉና ኩሽና ወስደው ከእጄ ርቆ አስቀመጡት። ያኔ ነው የገባኝ። በእኛ ዘንድ መርዶ ሊያረዳ የመጣ ሰው የሚያቃጥለውን ነገር ያርቃል፣ እህል መቀመሱን ያረጋግጣል፣ ከዚያ በኋላ ነው አፉን የሚከፍተው። ባለቤቴ ደግሞ ገና ሳይነጋ ብስክሌቱን መኪናው ላይ ጭኖ ወጥቷል። ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ።

«ሞተ?»

«በስመ አብ! ምን ትላለች ይቺ!» አሉ እትዬ። «ማን ሞተ አለሽ? ትንሽ ወድቆ ነው እንጂ።»

«ከየት?»

«ከብስክሌቱ ነዋ! ኮላር ቦኑን ነው፣ ይቺን የትከሻውን አጥንት፣ ምናምን አሉ። ሐኪም ቤት ነው፤ እንዲያውም ይስቃል አሉ።»

«ታዲያ ለምን ኮል አላደረጋችሁልኝም?»

እኩያዬ እንደ ነውረኛ አየችኝ። «እንዴ! በስልክ ይነገራል እንዴ?»

ለተሰበረች አንዲት አጥንት ባሌን ቀብሬ ተነሣሁ እንግዲህ። አሁንም ሳስበው ደሜ ይፈላል። የምሠራው አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው፤ እዚያ አንድ ሰው ከአልጋው ቢንሸራተት ወዲያው ለቤተሰቡ ተደውሎ እንዴት እንደወደቀ፣ ምኑን እንደተጎዳ በግልጽ ይነገራል። የእኛ ሰው ግን ከወደቀበት ወንዝ ዳር ሳን ሆዜ ደወለ፣ ሳን ሆዜ ኦክላንድ ደወለ፣ ኦክላንድ ነጠላውን ለብሶ፣ መኪና አስነሥቶ፣ ፓርኪንግ ሲፈልግ ቆይቶ፣ ምሳ በልተሻል ይለኛል።

ግራቭል ባይክ የሚሉትን ነገር ቤታችን ያስገባው ሐኪሙ ነው ማለት ይቻላል። ባለቤቴ ሥራው ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ነው፤ ተንቀሳቀስ ተባለ። እሱም ከቅዳሴ በኋላ ሻይ አብረውት ከሚጠጡ ወንዶች ጋር ሆኖ ጎማው ወፈር ያለ፣ መሪው እንደ በግ ቀንድ የተቆለመመ ብስክሌት ገዛ። ደስ አለኝ፤ ሐይቁን ይዞራል ብዬ ነበር። እነሱ ግን አስፋልት አይወዱም። ጠጠር ፍለጋ በመኪና ወደ ምሥራቅ ይሄዳሉ፣ ወንዞቹ ተገናኝተው ሜዳውን ወደሚቆራርጡበት የእርሻ አገር። በየክረምቱ መኪና በሚበላ የጠጠር መንገድ ስንማረር አድገን፣ እዚህ መጥተን ጠጠር ካልነዳን ብለን ቤንዚን እናቃጥላለን!

«ምን አለ እዚያ?» ብዬ ጠይቄው ነበር አንድ ቀን።

«ምንም የለም» አለኝ። «እሱ እኮ ነው ደስ የሚለው። ማንም አይጠራኝም።»

ሐኪም ቤት ስደርስ በእርግጥም ይስቃል። ክንዱ ደረቱ ላይ ታስሯል፣ ጉንጩ ተፍቋል፣ መጀመሪያ የጠየቀኝ ብስክሌቱን ማን እንደወሰደው ነው። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፣ ንግግሯ ቀጥተኛ። ስለ ወደቀበት ሁኔታ ጠየቀችው።

«መንገዱ ዳር ያለው ቦይ ውስጥ አንዲት ነጭ፣ እግሯ ረጅም ወፍ ቆማ ነበር» አላት። «እሷን እያየሁ ነበር። ከዚያ ያየሁት የአምቡላንሱን ጣራ ነው።»

ሐኪሟ ወደ እኔ ዞረች። ወድቆ ጭንቅላቱ ተመትቶ ራሱን ከሳተ አንድ ነገር ነው አለችኝ፤ አጥንቱ ሲድን ይነዳል። መጀመሪያ ራሱን ስቶ ከዚያ ከወደቀ ግን ነገሩ ከልቡ ሊሆን ይችላል፤ በሚቀጥለው ጊዜ የሚወድቀው ጠጠሩ ላይ ሳይሆን ቦዩ ውስጥ ሊሆን ይችላል፣ ወይም መኪና እየነዳ። «አብሮት የነበረ ሰው አለ?» አለች። «ያየ ሰው?»

ሞልቷል! ኮሪደሩ ላይ በዚያ በተጣበቀ ልብሳቸው፣ አቧራ እንደ ዱቄት ለብሰው ተደርድረዋል። መንገዱን የሚመራቸው ሳኒቬል ከተማ የሚሠራ ኢንጂነር ነው፤ በዲቪ የመጣ፣ ልጄ ሊሆን ትንሽ የቀረው።

«ማዘር፣ ጠጠሩ ነው፣ እመኑኝ» አለኝ። «የላላ ነበር፤ የፊት ጎማው ሰመጠ።»

እዚሁ ኒውአርክ፣ መጋዘን ውስጥ የሚሠራው ጓደኛቸው ደግሞ «ዳክዬ ናት» አለ። «ዘው ብላ ገባችበት፤ እሷን ሲሸሽ ነው።»

«ዳክዬ ነው ወይስ ጠጠር?»

ተያዩ። «ሁለቱም ማለት ይቻላል» አለ ኢንጂነሩ።

ከሁሉም የተማሩት ጋሼ የምንላቸው አዛውንት ናቸው፤ በንጉሡ ጊዜ ለትምህርት መጥተው የቀሩ፣ ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ። እሳቸው እውነቱን ይነግሩኛል አልኩ። «ጋሼ፣ እርስዎ ልክ ከኋላው ነበሩ አሉ። ምን አዩ?»

«አየሁ ማለት፣ ያው ወደቀ» አሉ። «ልጄ፣ ዋናው እግዚአብሔር ማትረፉ ነው። ምኑን ትመረምሪዋለሽ?» ከዚያ ክንዴን ያዝ አድርገው፣ «እህል ቀምሰሻል ለመሆኑ?» አሉኝ።

እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፤ ሽማግሌ ላይ ልጮህ ትንሽ ቀርቶኝ ነበር። ልጄ ከጎኔ ቆማ ሁሉንም ትሰማለች። አማርኛው ይገባታል፣ የምትመልሰው ግን በእንግሊዝኛ ነው። «ማሚ፣ ዋይ ካንት ዘይ ጀስት ሴይ ኢት?» አለችኝ፤ ለምን በቀጥታ አይናገሩም ማለቷ ነው። ምን ብዬ ላስረዳት? ደግነት ነው ልበላት? ደግነት ነው እኮ፤ የሚያናድደኝም እሱ ነው። ክፉ ቢሆኑ እጣላቸው ነበር።

ቤት ከገባን በኋላ የለበሰውን ላጥብ አውጥቼ አየሁት። ማሊያው ትከሻው ላይ ተቀዷል። ሄልሜቱ በጎኑ ተሰንጥቋል። ጓንቶቹ ግን ምንም አልሆኑም። መዳፋቸውን ገልብጬ በመስኮቱ ብርሃን አየሁ፤ ጭረት የለም፣ የተሰካ ጠጠር የለም። እኔ ስንት ሰው ሲወድቅ አይቻለሁ። ነቅቶ የሚወድቅ ሰው፣ የዘጠና ዓመት ሽማግሌም ቢሆን፣ እጁን ይዘረጋል። ሳይመክርበት እጁ ቀድሞት ይሄዳል።

ይህን ለባለቤቴ ብነግረው ሳቀብኝ። «አሁን ደግሞ መርማሪ ሆንሽ?»

«አንተ ካላስታወስክ እኔ ምን ላድርግ?»

«ጠጠር ነው አሉሽ አይደል? ሦስት ሰው ይዋሻል?»

«ሦስት ሰው ዳክዬና ጠጠር ይላል?»

በሳምንቱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ልጄን ቦታውን አሳዪኝ አልኳት፤ ኢንጂነሩ በስልኳ ልኮላት ነበር። ሄድን። በአንድ በኩል ወንዙ፣ በሌላው ቦዩ፣ መሐል ላይ ከፍ ያለ የአፈር ግድብ፣ አናቱ ላይ ጠጠሩ። ከቦዩ ማዶ የቲማቲም ማሳ፣ ከዚያ በቆሎ፣ ከዚያ እንደገና ቲማቲም። ዳገት የለ፣ ቁልቁለት የለ፣ ኩርባ የለ። እንዲህ ያለ ሜዳ አይቼ አላውቅም፤ ትሪ ላይ የቆምኩ ነው የመሰለኝ። ጠጠሩን በጫማዬ ረገጥ ረገጥ አደረግሁት። ደረቅ፣ የተጠቀጠቀ፣ የቲማቲም ካሚዮን የሚመላለስበት መንገድ ነው። ምኑ ነው የላላው? ዳክዬዎቹማ አሉ፤ ውኃው ላይ ተኝተዋል፣ ቢጠሯቸውም አይነሡም። ደስ የሚል አገር መሆኑን አልክድም። ንፋሱ የረጠበ አፈር ይሸታል፣ የሚሰማው የውኃ መሳቢያው ሞተር ብቻ ነው። ማንም አይጠራኝም ያለው ገባኝ። ቢወድቅ የሚሰማውም የለም፣ ያም ገባኝ።

ደረቱ ላይ የለጠፉለት የልብ መቆጣጠሪያ ምንም አልያዘም። ሐኪሟ ምንም አልያዘም ማለት ምንም የለም ማለት አይደለም አለች። የልብ ምቱን ለረጅም ጊዜ የሚከታተል ትንሽ መሣሪያ ከቆዳው ሥር መቅበር ይቻላል፤ እሱ ግን ጠጠር ላንሸራተተው ሰው አልቀበርም አለ። ያየ ሰው ቢገኝ ጥሩ ነበር አለች እንደገና። እኔ ምን ልበላት? ያዩትማ በየእሑዱ ሰላም ይሉኛል፣ ዳቦ ይዘው ሊጠይቁት ይመጣሉ፣ ሲወጡ እግዚአብሔር ይማረው ይሉኛል። ውዳሴ ማርያም ስደግም እንኳ ሐሳቤ ጓንቱ ላይ ይሄድብኛል፤ ራሴን ተቆጥቼ ከመጀመሪያው እጀምራለሁ። እሱ ደግሞ ክንዱ ተፈትቶለታል፤ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ሰንሰለቱን ዘይት ይቀባል። በመጪው ቅዳሜ ልሄድ ነው ብሏል።

ስለዚህ እናንተ እዚያ የነበራችሁ፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። አልወቅሳችሁም። ብስክሌቱንም አልጥልም፤ ልቡ ደህና ከሆነ ራሴ ውኃውን ሞልቼ እሸኘዋለሁ። የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከመውደቁ በፊት ፔዳሉን መርገጥ አቁሞ ነበር ወይ? አንገቱ ዘንበል ብሎ ነበር? እጁን ሳይዘረጋ ነው የሄደው? ጋሼ፣ በተለይ እርስዎ፤ ልክ ከኋላው ነበሩ። ከቅዳሜ በፊት ንገሩኝ። ቤቴ መምጣት አያስፈልግም፣ ፓርኪንግ የለም። በስልክ ንገሩኝ። ምሳዬን በልቻለሁ።