ያልጠፋች መኪና

አሮጌዋን የናፍጣ መኪና የሸጠልኝ ሰው ቁልቁለት ላይ አቁሞ ያሳየኝ ለምን እንደሆነ የገባኝ ከገዛኋት በኋላ ነው። ካልተገፋች አትነሳም። ስለዚህ ድንች ልጭን ጎጆ ወደምትባለው ከተማ ስወጣ ሞተሯን አላጠፋም ነበር።

አንድ ቀን እዚያው ጎጆ፣ ጎልምሰን ፊደል ለቆጠርን ሰዎች የምስክር ወረቀት ሲሰጥ፣ የመኪናዬ ጩኸት የቀበሌውን ሊቀመንበር ንግግር ዋጠው።

«አንተ ሰውዬ፣ አጥፋት!»

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ካጠፋኋት መግፋት አለ።»

«ካላጠፋህ ወረቀት የለም!»

ለዚያ ወረቀት ልጄን በሚያክል አስተማሪ ስንት ጊዜ ተሰድቤያለሁ። አጠፋሁ። ሰውየው ስለ ንቃት ሁለት ሰዓት ተናገረ፤ ግማሹ ሕዝብ ተኛ።

ወረቀቴን ኪሴ ከትቼ መሪ ጨበጥኩ። ሊቀመንበሩ ከእኔ ጋር አምቦ ሊወርድ ስለነበር፣ ሙሉ ልብሱን እንደለበሰ ከገበሬዎቹ ጋር መግፋት ግድ ሆነበት።

«ኦቦ ሊቀመንበር፣ ወደ ፊት!» አለ አንዱ ሽማግሌ።

መኪናዋ ጥቁር ጭሷን ሊቀመንበሩ ፊት ላይ ለቃ ተነሳች።

«ቁም! ልሳፈር!» እያለ ተከተለኝ።

ሞተሩ ሳይሞቅ ብቆም ትጠፋብኝ ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ ባትጠፋም አልቆምለትም ነበር።