በአዲሱ ኬዝ ውስጥ የቀረው የዘር ቆጠራ

ወንድሜ ዛሬም ደብቄበት ነው ብሎ ያምናል። ለቅሶ ቤት ስንገናኝ ራሱን ነቅነቅ አድርጎልኝ ያልፋል፤ ሚስቱ ያንንም አታደርግም። እነሱ ላገኙት ሰው ሁሉ የሚያወሩት ስላላቸው፣ እኔም እንደሆነው እጽፈዋለሁ።

ጎሮ እርሻ በነበረበት ዘመን የአባቴ ዘመዶች እዚያው ጓሮ ለጓሮ ነበር የሚኖሩት። ልጁን ሊድር የፈለገ ሰው ሽማግሌዎች ዘንድ ሄዶ ዘር ያስቆጥራል። ሙሽሮቹ እስከ ሰባት ቤት ካልተገናኙ ይጋባሉ፣ ከተገናኙ ይቀራል። መሬቱ ለልማት ሲወሰድ ሰዉ ተበተነ፤ ገሚሱ አያት፣ ገሚሱ ሰሚት፣ ገሚሱ የት እንደገባ አላውቅም። ሽማግሌዎቹም በየገቡበት የኪራይ ቤት ማለቅ ጀመሩ።

እኔ አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ በአንድ የጭነት መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበርኩ። ጡረታ ስወጣ መሥሪያ ቤቱ ለሠራተኛ ከሸጠው አሮጌ ዕቃ አንድ ኮምፒውተር ገዝቼ ገርጂ ቤቴ አስገባሁ። አምስት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ በሚኒባስ እየዞርኩ የቀሩትን ሽማግሌዎች አስቆጠርኩ። እነሱ በኦሮምኛ ይነግሩኛል፣ እኔ በእርሳስ እይዛለሁ፣ ቤቴ ስገባ እተይበዋለሁ። አንዳንዱ አንድ ስም ላይ ሲደርስ ዓይኑን ጨፍኖ ይቆያል፤ እስኪመጣለት እጠብቃለሁ። ተይቤ ስጨርስ ወረቀቱን እቀደዋለሁ። የደከምኩበትን ሌላ ሰው እንዲያነሳው አልፈለግሁም። የወንድሜ ሚስት «የሙታን ጸሐፊ» የሚል ስም አወጣችልኝ፤ መቀለዷ ነበር።

ሥራው ሊያልቅ ሲል ወንድሜ መጣ።

«እትዬ፣ በፍላሽ ገልብጪልኝና መጽሐፍ አድርጌ ላሳትመው።»

«በማን ስም?»

«በቤተሰቡ ስም ነዋ።»

«ቤተሰቡ የትኛውን ቅዳሜ ነው ሚኒባስ ሲጋፋ የዋለው?»

ሳቀ። «አንቺ እኮ መቃብር ድረስ ይዘሽው ነው የምትገቢው።»

«ቆልፌም ነው የምተኛው» አልኩት።

አልሰጠሁትም። እሱ ግን ባዶ እጁን አልሄደም። አዲሱን ቤቱን ሊያስመርቅ ነበርና፣ ለፍሪጁ ለሦስት ቀን ብቻ ብሎ መብራት ሲዋዥቅ ዕቃ እንዳይቃጠል የሚከላከለውን ስታብላይዘሬን ከኮምፒውተሬ ሥር ነቅሎ ወሰደ። ሦስት ቀኑ አራት ወር ሆነ። አልጠየቅሁትም። የወሰደ ራሱ ይመልስ፣ እኔ ለምኜ የራሴን ዕቃ አልቀበልም ብዬ ተቀመጥኩ።

ያኔ በየሰፈሩ ፎቅ ይበቅላል፣ መብራት በየቀኑ ይጠፋል። መብራት በጠፋ ቁጥር ሶኬት መንቀል ከማማተብ እኩል ለምጄዋለሁ። አንድ ቀን ግን የዕድር ለቅሶ ተነግሮኝ ኮምፒውተሩን ሳልነቅል እየተጣደፍኩ ወጣሁ። መብራቱ የጠፋው እኔ ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ ሳለ ነው። ተመልሼ በሬ ላይ ስደርስ የጎረቤት ልጆች «መጣ!» ብለው ሲጮሁና ከቤቴ ውስጥ ጧ ሲል አንድ ላይ ሰማሁ። ስገባ የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተኝ።

በማግስቱ ኮምፒውተሩን በአንሶላ ጠቅልዬ በታክሲ ኢምፔሪያል አካባቢ ወዳለ አንድ ኮምፒውተር ጠጋኝ ወሰድኩት።

«ማዘር፣ የተቃጠለው ፓወር ሰፕላዩ ነው» አለኝ ጠጋኙ። ጢሙ የሸበተ ሰው ነው፤ እናቱ ልሆን አልችልም። «ለዚህ አሮጌ ኬዝ የሚገጥም አይገኝም። አዲስ ኬዝ ከነፓወሩ ይግዙና ዕቃዎን ላዛውርልዎት።»

«ሳይለወጥ?»

«አጠገቤ ቁጭ ብለው ይዩኛ።»

ተቀመጥኩ። ጠጋኝ የሰው ደህና ዕቃ አውጥቶ የሞተ ይከታል ሲባል ሰምቻለሁ። ዓይኔን ከእጁ ላይ አላነሳሁም፤ የፈታውን ብሎን ሁሉ እየተቀበልኩ መሐረቤ ላይ ደረደርኩ።

«እንዲህ ያለ ዘበኛ እኮ ባንክም የለው» አለ። አልሳቅሁም።

አዲሱ ኬዝ ጥቁር፣ የሚያብለጨልጭ፣ ፊቱ ላይ ሰማያዊ መብራት ያለው ነበር። አቧራ የጠጡት ዕቃዎቼ አንድ በአንድ ሲገቡበት ሰፋቸው። ሲያበራው ሰማያዊው መብራት በራ፣ ማራገቢያው ዞረ፣ ስክሪኑ መጣ። እልል ልል ምንም አልቀረኝም። ከዚያ ጥቁሩ ስክሪን ላይ አንድ መስመር እንግሊዝኛ ወጥቶ ቀረ። ጠጋኙ ጆሮውን አስጠጋ። ውስጡ ቀጭ፣ ቀጭ ይላል።

«ሃርድ ዲስኩም ተመትቷል። ጽሑፍዎ ያለው እዚህ ላይ ነው። የሚያወጣ ሰው አውቃለሁ፤ አንድ ሳምንት እኔ ዘንድ ይተዉት።»

«ዕቃዬ ከዓይኔ አይርቅም።»

«ባበሩት ቁጥር ይብስበታል፣ ማዘር።»

«መልሰህ ግጠመው» አልኩት።

ቤት ወስጄ ሁለት ሳምንት ሙሉ በየጠዋቱ አበራሁት። አንድ ጠዋት ቀጭ ቀጩም ቆመ። ያን ጊዜ ይዤለት ብሄድ ሃርድ ዲስኩን አውጥቶ ጆሮው ላይ አድርጎ ቆየና መልሶ እጄ ላይ አስቀመጠልኝ። «አሁንማ ማንም አያወጣውም» አለ።

ወር ሳይሞላ ወንድሜና ሚስቱ መጡ። ሴት ልጃቸው ልትታጭ ነው፤ የሚያጫት ልጅ ቤተሰብም ከዚያው ከጎሮ የተነሳ ነው። ሽማግሌ ተልኳል፣ የቀረው ቆጠራው ብቻ ነው።

«ስድስተኛው ቤት ላይ በሁለቱም በኩል አንድ ዓይነት ስም አለ ይላሉ ሽማግሌዎቹ» አለ ወንድሜ። «አንድ ሰው ይሁን ሁለት ሰው ንገሪን።»

ያንን ስም አውቀዋለሁ። አንዲት አሮጊት እዚያ ስም ላይ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆይተው ነገሩን አስረድተውኛል፤ ጽፌዋለሁም። ከጻፍኩት በኋላ ግን ለኮምፒውተሩ ትቼው ከራሴ ወጣ። አሮጊቷ ከሞቱ ሁለት ዓመት አልፏቸዋል።

«ጠፍቷል። መብራት አቃጠለው» አልኩ።

ሚስቱ ኬዙን ከላይ እስከ ታች አየችው። «ይኼ የሚያብለጨልጨው ነው የተቃጠለው?»

«ውስጡ አሮጌው ነው።»

ወንድሜ ተነስቶ ማብሪያውን ራሱ ተጫነው። ሰማያዊው መብራት በራ። «ይኸው! ይሠራል እኮ!»

«ስታብላይዘሬን መልሰህልኝ ቢሆን ኖሮ…»

«አሃ፣ ለሱ ነው?» አለ። «ለአንድ ስታብላይዘር ብለሽ ነው ልጄን የምትቀጪው?»

በሩን ከፈትኩላቸው።

በሦስተኛው ቀን ልጅቷ ራሷ ደወለች።

«አክስቴ፣ ሁለት ሰው ናቸው ይበሉልኝ። በቃ፣ ይቺን ብቻ።»

«አላውቅማ፣ ልጄ።»

«ማንም አያውቅም እኮ። እርስዎ ካሉ ሁሉም ይቀበላል።»

እውነቷን ነው። ብዋሽ የሚያርመኝ ሰው በሕይወት አልነበረም። የማላውቀውን አልናገርም አልኳት። «እሺ» ብላ ስልኩን ዘጋችው።

ሽማግሌዎቹ በጥርጣሬ አንድርም አሉ፤ ጋብቻው ቀረ። ልጁ ሌላ አግብቶ ወልዷል። እሷ እስካሁን አባቷ ቤት ናት፤ እኔን ስታይ መንገድ ትሻገራለች። አልፈርድባትም። አንዳንድ ቀን ከልጅቷ ጀምሬ እስከዚያ ስም ድረስ ወደ ላይ ለብቻዬ ለመቁጠር እሞክራለሁ። የሱ አባት፣ የሱ አባት እያልኩ አራተኛው ላይ ስደርስ ከዚያ በላይ ያለው ሰው ሁሉ ከራሴ ውስጥ የለም።